20ኛ ሌቭል የደረሱ ካራክተሮችን ከ1 ማስጀመር፦ ይቺን ሕግ ንቀፉልኝ

ሃያጎን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

አራት ተጫዋቾች አሉኝ፣ እኔ ማስተር ሆኜ ታሪኩን እመራለሁ። የምንጫወተው ዲ ኤንድ ዲ ነው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካራክተር ይዞ ከ1 እስከ 20ኛ ሌቭል የሚያሳድግበት የታሪክና የዳይስ ጨዋታ፣ የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) አምስተኛ እትም። ከ1ኛ ሌቭል ተነስተን፣ ሦስት ዓመት ፈጅቶብን፣ ባለፈው ወር 20 ገባን። ጮህን፣ ተቃቀፍን። በሳምንቱ ስንገናኝ ግን ጨዋታው በረዶ ሆኗል።

አንድ ውጊያ ብቻ ሙሉ ምሽቱን ይበላል። አስማተኛው ድግምት መምረጥ የሚጀምረው ተራው ሲደርስ ነው። ገጽ ያገላብጣል፣ «ቆይ ቆይ» ይላል። ተዋጊዋ አራት ጊዜ ትመታለች፣ ቀጥላ ደግሞ ሌላ አራት። የቀሩት ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። እኔ ከመጋረጃዬ ጀርባ ተደብቄ ከጭራቁ 500 ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ላይ ስቀንስ አመሻለሁ። ማስተርነቱ ቀርቶ ሂሳብ ያዥ ሆኛለሁ። የሚያስፈራቸው ነገርም አልቋል። ሞት እንኳ አያስፈራቸውም፣ ካህኗ ታስነሳቸዋለች።

«በቃ እንጨርሰውና አዲስ ካምፔይን እንጀምር» አልኳቸው። አራቱም አኮረፉ። ካራክተሮቻቸውን አይለቁም። እነሱ የወደዱት ኃይሉን አይደለም፣ ሰዎቹን ነው።

ስለዚህ ይቺን አማራጭ ሕግ ሞነጫጨርኩ። 17ኛ ሌቭልና ከዚያ በላይ የደረሰ ካራክተር፣ ተጫዋቹ ከፈለገ ብቻ፣ ወደ 1 ይመለሳል። በድሮው ክላስ (ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ካህን የሚባለው ሙያ) ወይም በሌላ። የጉልበት፣ የቅልጥፍናና የመሳሰሉት ቁጥሮች መጀመሪያ ወደነበሩበት ይወርዳሉ፣ አንዱ ላይ ግን 1 ይጨመራል። ከድሮው ሕይወቱ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፦ ወይ አንድ ልዩ ችሎታ፣ ወይ አንድ ዕቃ። አንድ ካራክተር ይህን ከሦስት ጊዜ በላይ አያደርግም።

ሁለት ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ሦስቱ ተመልሰው አንዷ ባትመለስስ? 20ኛ ሌቭል ተዋጊና 1ኛ ሌቭል አስማተኛ አንድ መንገድ ላይ ምን ያደርጋሉ? ደግሞስ በታሪኩ ውስጥ ምን ብዬ ነው የማወርዳቸው? ድራጎን ገድሎ የተመለሰ ሰው በምን ምክንያት ነው ጎብሊንን የመሰለ ደካማ ጭራቅ የሚፈራው?

ንቀፉልኝ። አትዘኑልኝ።

ዳይሰኛው፦

ሦስት ዓመት ተጫውታችሁ 20 ገባችሁ? የኛ ቡድን ሦስት ዓመት ሙሉ ለሁላችንም የሚመች ቀን እየፈለገ ነው።

ባለካባው፦

ከቁጥሩ ልጀምር፣ ለታሪኩ ሌላ ሰው አይጠፋም።

የ1 ጭማሪዋ አታስጨንቅህ። ብዙ ቢባል 20 ጎን ዳይስ ላይ 5 በመቶ ናት። ከነጭራሹ ምንም የማትለውጥበት ጊዜም አለ፤ 14ን 15 ብታደርገው የሚደመረው ያው 2 ነው። ልዩ ችሎታውም ይታገሣል።

ጉድ የሚያፈላው ዕቃው ነው። ተዋጊህ የ+3 ሰይፏን (ሲመታም ሲጎዳም 3 የሚጨምረውን) ይዛ ወደ 1 ወረደች እንበል። ጉልበቷ 16 ነው። ጎብሊን መከላከያው 15፣ ኤችፒው 7። ተራ ሰይፍ ብትይዝ ለመምታት 10 ወይም ከዚያ በላይ መጣል አለባት፣ 55 በመቶ ማለት ነው። በ+3ቱ ሰይፍ 7 ይበቃታል፣ 70 በመቶ። ይሄ ገና ቀላሉ ነው። ጉዳቱን እየው። ባለ 8 ጎን ዳይስ ትጥላለች፣ 3 ለጉልበቷ፣ 3 ለሰይፉ። ዳይሱ 1 ቢወጣ እንኳ ድምሩ 7 ነው። የመታችው ጎብሊን ሁሉ ይሞታል። ሁሉም! በተራ ሰይፍ ግን ከመታችበት 8 ጊዜ 3ቱን ጎብሊኑ ቆሞ ይመልስላታል። የመጀመሪያ ሌቭል ጣዕሙ እነዚያ 3ቱ ውስጥ ነው ያለው።

መፍትሔው ሰይፉን ማስተኛት ነው። ከ1 እስከ 4 ተራ ብረት ይሁን። 5 ላይ +1፣ 11 ላይ +2፣ 17 ላይ +3። መጽሐፉ ራሱ ጨዋታውን የሚከፍለው እዚያው እዚያው ላይ ነው።

20 እና 1 አብረው ስለመሄዳቸው ደግሞ አጭሩ መልስ አይሆንም ነው። ኤክስፒው (ሌቭል የሚያሳድገው ነጥብ) ችግር የለውም። 20ኛ ደረጃ ፍጡር 25,000 ኤክስፒ ይሰጣል። ለአራት ሲካፈል 6,250። 1ኛ ሌቭል የነበረው ልጅ በአንድ ውጊያ 4 ገብቶ 5 ጫፍ ላይ ይደርሳል። ከተረፈ! የዚያ ደረጃ ጥንታዊ ነጭ ድራጎን ሲተነፍስ ጉዳቱ በአማካይ 72 ነው። ልጁ ቢቀናውና ግማሹን ቢያመልጥ 36። ያለው ኤችፒ 8። ትርፉ ከሙሉ ኤችፒው ስለሚበልጥ ሕጉ ወዲያው ይገድለዋል፣ ሊታከም እንኳ አይወድቅም።

የጥንቱማስተር፣

ይቅርታ፣ ነጠላ ሰረዝ ሆነብኝ። ጣቴ እንደ እኔው አርጅቷል።

ልጆች፣ አዲስ ነገር የፈለሰፋችሁ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። በ1989ኙ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛው የአድቫንስድ ዲ ኤንድ ዲ እትም ዱዋል ክላስ የሚባል ነበር። ሰው የሆነ ካራክተር ብቻ ነው የሚፈቀድለት። የድሮውን ክላስ ትቶ በአዲሱ ከ1 ይጀምራል። ኤችፒው አይነካም። ግን ለድሮው ክላስ ዋና ችሎታ 15፣ ለአዲሱ 17 ሊኖረው ግድ ነው። አሁን ዋናውን ስሙኝ። በውጊያ መሃል ጨንቆት የድሮ ችሎታውን ከተጠቀመ፣ ለዚያ ውጊያ ኤክስፒ የለም። ለጉዞው በሙሉ የሚያገኘውም ግማሹን ነው። አዲሱ ሌቭል ከድሮው ሲበልጥ ብቻ ሁለቱንም እንደልቡ ይሠራባቸዋል።

እኔ ራሴ ከ9ኛ ሌቭል ተዋጊነት ወደ አስማተኛ የዞረ ካራክተር ነበረኝ። ሰይፉ ወገቡ ላይ አለ። በአንዲት ቢላዋ ሲወጋጋ ያመሻል። ጓደኞቹ «ምዘዘው እንጂ!» ብለው ይጮሁበታል። እኔም እጄ እየተንቀጠቀጠ አልመዝም እላለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ፈተና ገጥሞኝ አያውቅም።

አብሮ መሄዱንም ያኔ እንችለው ነበር። ኤክስፒው እስከ 10 አካባቢ በየደረጃው እጥፍ ገደማ እየሆነ ነበር የሚሄደው። ተዋጊ 8 ለመግባት 125,000፣ 9 ለመግባት 250,000። ጓደኞቹ ከ8 ወደ 9 ሲወጡ አዲሱም እኩል ከደረሰው 125,000 ለቅሞ 8 ላይ ቁጭ ይላል። አንድ እርምጃ ብቻ ከኋላ።

ባለካባው፦

ልክ ነው ጋሼ። አምስተኛው እትም ላይ ያ አይሠራም። ከ10 ወደ 11 ለመውጣት 21,000 ይበቃል፣ ያንን እኩል ያገኘ አዲስ ልጅ 6 ላይ ነው የሚቆመው። እጥፍ በእጥፍ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

ጭስቀለበት፦

እኔ በዚህ ጉዳይ ቁስለኛ ነኝ፣ ልናገር።

ከዚህ በፊት የነበርኩበት ቡድን ማስተር እንዲህ ያለ ነገር ሳይጠይቀን አደረገብን። ሁለት ዓመት ተጫውተን 15ኛ ሌቭል ላይ ነበርን። አንድ ማታ «ከእንቅልፋችሁ ስትነቁ ጉልበታችሁ የለም፣ 1ኛ ሌቭል ናችሁ፣ አዲስ ወረቀት አውጡ» አለ። እሱ ትልቅ ታሪክ የጀመረ መስሎታል። እኛ ዝም አልን። አንዱ ልጅ እርሳሱን አስቀመጠና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያንገፈገፈኝ ሌላ ነው። በሁለተኛው ሴሽን (የጨዋታ ምሽት) የማውቃት ማደሪያ ቤት ገባሁ። የባለቤቷን ልጅ ከወንበዴዎች እጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያመጣሁላት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና «ማን ነሽ? ሂሳቡ በቅድሚያ ነው» አለችኝ። ማስተሩ ለካ ዓለሙን ሁሉ አስረስቶታል። ሌቭሌን ይውሰደው፣ ስሜን ለምን ወሰደው? ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ተመልሼ አልሄድኩም።

ሃያጎን፣ ያንተ ሕግ «ከፈለገ ብቻ» የሚለውን ይዟል፣ ጎሽ። ግን ይዞት የሚመጣውን ነገር ዕቃና ችሎታ ብቻ አድርገህዋል። እኔ ብሆን ሰይፉን ትቼ ያቺን ሴትዮ ነበር የምመርጠው።

ዳይሰኛው፦

+3 ባለ ማደሪያ ቤት።

ጭስቀለበት፦

ሳቅ፣ ሳቅ። አንድ ቀን የምታድርበት ስታጣ ትጠራታለህ።

ሌሊትወፍ፦

ከዲ ኤንድ ዲ ትንሽ ወጣ ብላችሁ እዩ፣ ሌሎች ጨዋታዎች ይሄን ጥያቄ ከመለሱት ቆይተዋል።

በ1985 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ፔንድራጎን በተባለ ጨዋታ ባላባትህ ያረጃል። ብዙውን ጊዜ አንድ ጉዞ አንድ ዓመት ነው፣ ክረምት ሲገባ ስለ ቤተሰቡና ስለ ርስቱ ዳይስ ትጥላለህ። ሲሞት ልጁን ትጫወታለህ። ልጁ የአባቱን ክብር አንድ አሥረኛ ይወርሳል። አንድ አሥረኛ ብቻ! ግን ሰው ሁሉ «የእገሌ ልጅ» ብሎ ያየዋል። ዘንጎንወርልድ ላይ ደግሞ

ዳንጀን ወርልድ ማለቴ ነው፣ የስልኬ እርማት ሥራውን ሠራ። እዚያ ጣሪያው 10 ነው። ካለፍከው ሦስት ምርጫ አለህ፦ ካራክተሩን በሰላም ጡረታ ታስወጣለህ፣ ወይ ተማሪ ይዞ ተማሪውን እንደ ሁለተኛ ካራክተር ከ1 ትጀምራለህ፣ ወይ ክላሱን ሙሉ በሙሉ ትቀይራለህ። ሲቀይር ማንነቱ ውስጥ የገባ ነው የምትለውን ችሎታ ይዘህ ትሄዳለህ።

ዳርክ ሰን የተባለው የዲ ኤንድ ዲ ዓለም በ1991 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ደግሞ አንድ ተጫዋች አራት ካራክተር ነበር የሚይዘው። አንዱ ይጫወታል፣ ሦስቱ ይጠብቃሉ። የሚጫወተው ሌቭል ሲወጣ ከሚጠብቁት አንዱም አብሮ ይወጣል። በረሃው ሰው ይጨርሳል፣ ተተኪው ግን ዝግጁ ነው።

እነዚህ ሁሉ ካራክተሩን አያኮስሱትም። ወንበሩን ነው የሚቀይሩት። አንተስ ለምን ወራሽ አታደርጋቸውም?

ሃያጎን፦

ወራሹን ጠይቄያቸው ነበር። አስማተኛዬን የሚጫወተው ልጅ ምን አለኝ መሰላችሁ፦ «ልጁ እሱን አይመስልም። እኔ ሽማግሌውን ነው የምፈልገው፣ ጢሙን፣ መርሳቱን።» ምን ልበለው?

የጭስቀለበት ማደሪያ ቤት ግን ገደለችኝ። «ስም» የሚል ሦስተኛ ምርጫ ጨምሬያለሁ። ይዞ የሚመጣው ነገር አንድ የሚያውቀው ሰው ወይም አንድ የማይረሳው ጠላት ሊሆን ይችላል።

«ለምን ወረዱ» የሚለው ግን እንደቆመ ነው። እርግማን? በሽታ? ሁሉም ቅጣት ይመስላል።

የጥንቱማስተር፦

ቅጣት ቢመስል ምን አለበት? በእኛ ጊዜ ቫምፓየር አንዴ ሲነካህ ሁለት ሌቭል ይዞብህ ይሄድ ነበር። ያውም ያለ ምንም ማምለጫ ዳይስ። ተጫዋቹ ወረቀቱን በላጲስ እየፋቀ ያለቅሳል። ቫምፓየር የሚያስፈራን ለዚህ ነበር።

ጭስቀለበት፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያለቀሰው ልጅ ቫምፓየሩን ነው የጠላው ወይስ እርስዎን?

የጥንቱማስተር፦

እኔን። እስካሁንም ይነሳል።

ግን ሌላም አለ። በ1986 (እ.ኤ.አ.) ኢሞርታልስ የሚል የዲ ኤንድ ዲ የሕግ ሣጥን ወጥቶ ነበር። ሰው 36ኛ ሌቭል ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ የማይሞት ይሆናል፣ ከማይሞቱትም መሃል እየወጣ ጫፉ ላይ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ምን ይጠብቀዋል? ሁሉንም ጥሎ ከ1ኛ ሌቭል ሟችነት እንደገና መጀመርና ያንን መንገድ ለሁለተኛ ጊዜ መውጣት። ይሄን ያደረገ ነው ከሁሉም በላይ የሚሆነው። ይህ ቅጣት አይደለም፣ መሸለሚያ ነው። አንድም ሰው ሲፈጽመው ባላይም ሐሳቡ ከጭንቅላቴ ወጥቶ አያውቅም።

ሌሊትወፍ፦

ኧረ ቆይ። የተሳሳተ ጥያቄ እየጠየቅን ነው መሰለኝ። «ለምን ወረዱ» ሳይሆን «ሌቭሉ የት ሄደ» ብንልስ? ከ20 ወደ 1 ሲወርድ 19 ሌቭል ለቀቀ። 19 ሌቭል ቀላል ነገር አይደለም። ዝም ብሎ አይተንም። የሆነ ቦታ ይኖራል።

ለምሳሌ አስማተኛህ። ባሕሩ መንደር ሊውጥ ሲል ግድብ አቆመ እንበል። ግድቡ በድንጋይ አይደለም የቆመው፣ በ9 ሌቭሉ ነው። ሽማግሌው አሁን ደካማ ነው፣ ግን ባሕሩ በሱ ምክንያት ቆሟል። ኮርቶ ይሄዳል።

ሃያጎን፦

ዝም ብዬ ስልኬን ሳይ ቆየሁ። ይሄ ነው። አደራ ነው! ሌቭሉን አደራ አስቀመጠ።

ባለካባው፦

በቃ አደራ እንበለው። ሕጉን ልጻፈው፣ እጄ እየበላኝ ነው።

ከ20 ወደ 1 የሚወርድ 19 ሌቭል ይለቃል። ቢበዛ በሦስት አደራ ያካፍለዋል። እያንዳንዱ አደራ አንድ ነገር ይይዛል ወይም ይጠብቃል፣ ምን እንደሆነ ተጫዋቹ ይወስናል። ካራክተሩ ጨንቆት ሞት አፍንጫው ላይ ሲደርስ ከአንዱ አደራ መብላት ይችላል። ለአንድ ተራ ብቻ፣ እዚያ ያስቀመጠውን ያህል ሌቭል እንዳለው ሆኖ ይሠራል። 9 ያስቀመጠ አስማተኛ ለአንድ ተራ 9ኛ ሌቭል ነው፣ ፋየርቦል (የእሳት ኳስ ድግምት) ቢፈልግ ፋየርቦል። ከዚያ አደራው ይሰነጠቃል። ሁለተኛ ከበላው ይፈርሳል። ሲፈርስ የያዘው ነገር ይለቀቃል፣ ሌቭሉም ጠፍቶ ይቀራል።

በዚያ ላይ አንድ ኤክስፒ የለም። ይሄ ከጋሼ የተሰረቀ ነው።

ዳይሰኛው፦

እና ይሄን የሚያደርገው ካራክተር ስሙ «አደራ በላ» ይሆናል ማለት ነው?

ባለካባው፦

ወረቀቱ ላይ ሳጥን ሠርቼለታለሁ። አደራ በላ፦ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

የጥንቱማስተር፦

መብላቱን አልወደድኩትም። የሄደ ሄዷል ማለት አለባችሁ። ተመልሶ የሚወሰድ ነገር መስዋዕት አይባልም።

ሌሊትወፍ፦

ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ወገብዎ ላይ ሰይፍ እያለ በቢላዋ ሲወጋጉ የነበሩት መምዘዝ ስለሚችሉ ነው። ባይችሉ ኖሮ እጅዎ አይንቀጠቀጥም ነበር።

የጥንቱማስተር፦

ይሁን። ተሸንፌያለሁ።

አንድ ነገር ግን ለሃያጎን ልጨምርለት፣ ማንም አላነሳውም። አዲስ ካራክተር ይዘህ ትሮል ስትገናኝ ምን ታደርጋለህ? ቁስሉ እንዳይሽር እሳት እንደሚያስፈልግ አንተ ታውቃለህ፣ ካራክተርህ አያውቅም። ስለዚህ ትተውናለህ። ሁለት ዙር በከንቱ ትመታውና «እስቲ ችቦውን ልሞክር» ትላለህ። ሁሉም ሰው አፍሮ ወደ ዳይሱ ያያል። ከ20 የወረደ ሽማግሌ ግን እንደ አንተው ያውቃል። ትሮሉን ያየዋል፣ እሳት እንደሚገድለው ያውቃል፣ እሳት መፍጠሩ ነው ያቃተው። ተጫዋቹና ካራክተሩ እኩል የሚያውቁበት ሌላ ጨዋታ አልገጠመኝም። ሚስጥር መደበቁን ትተህ በዚህ ተጠቀም።

ዳይሰኛው፦

የሌባ ጥያቄ አለኝ። አንዷ 20 ላይ ከቀረችና አስማተኛ ብትሆን፣ ምኞት በሚፈጽመው በዊሽ ድግምት የጓደኛዋን ሌቭል ብትመልስለትስ?

ባለካባው፦

አደራዎቹ ሁሉ በአንዴ ይፈርሳሉ። ሌቭሉ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው። እሷ ደግሞ ዊሽን ለእንዲህ ያለ ነገር ስትጠቀም ዳግመኛ እንዳትጠራው የሚያደርግ 33 በመቶ አደጋ አለባት፣ ያ መጽሐፉ ላይ ያለ ነው። ከፈለገች ትሞክር።

አስተናባሪ፦

ስለ አዲሱና ስለ አሮጌው እትም መሰዳደብ የጀመሩ ሦስት መልሶች ተነስተዋል። ለዚያ ሌላ ክር አለ።

ሃያጎን፦

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። አራት ሴሽን ተጫውተናል። ልንገራችሁ።

ሦስቱ ወረዱ። ተዋጊዋን የምትጫወተው ልጅ እንቢ አለች። «እኔ 20 ላይ ደስ ብሎኛል» አለች፣ ተዋት። ተዋጊዋ አሁን የምሽጉ አዛዥ ሆና ተቀምጣለች፣ ልጅቷም የምሽጉን አንድ አዲስ ምልምል ከ1 ይዛ ትጫወታለች። ምልምሉ አዛዡን በጣም ይፈራታል። ሁለቱንም የምታናግረው ራሷ ናት፣ በሁለት ድምፅ። ከሳቅ ብዛት ጨዋታ ያቆምንበት ጊዜ አለ።

አስማተኛው የሌሊትወፍን ግድብ እንዳለ ወሰደው፣ 9 ሌቭል። ካህኗ የሙታን በር ላይ 12 አስቀመጠች። ሌባው ደግሞ የማይታመን ነገር አደረገ። 19ኙንም በአንድ ቁልፍ ላይ ጨረሰው። ሣጥን ሠራ፣ ማንም የማይከፍተው። ውስጡ ምን እንዳለ ለእኔ እንኳ በታጠፈ ወረቀት ነው የሰጠኝ፣ «እስኪከፈት አታንብበው» ብሎ። አላነበብኩትም። እየበላኝ ነው።

የመጀመሪያው ውጊያ ድልድይ ላይ ነበር፣ አራት ጎብሊን። ሽማግሌው ኤችፒው 8 ነው። አንዱ ጎብሊን 20 ጣልኩለት። ሁለት ዳይስ፣ 4 እና 5፣ ሲደመር 2፣ 11። ሽማግሌው ተዘረረ። ተጫዋቹ ከወንበሩ ተነሳ። የተናደደ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቀ ነው። «በጎብሊን! እኔ! በጎብሊን!» ይላል። ውጊያው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 20 ደቂቃ ፈጀ። ስልክ የነካ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ሴሽን ላይ 12 ጎብሊኖች ዋሻ ውስጥ ከበቧቸው። ምልምሉ ወድቋል፣ ካህኗ ድግምት ጨርሳለች። ሽማግሌው ወረቀቱ ላይ ያለችዋን ሳጥን ትክ ብሎ አያት። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ በእርሳስ ምልክት አደረገባት። ፋየርቦል። 12ቱም አመድ ሆኑ። እኔም ቀስ ብዬ «በዚያው ሰዓት፣ ሩቅ፣ ግድቡ ላይ አንዲት ስንጥቅ...» አልኩ። ማንም በድሉ አልጮኸም።

መንደሩ ሲደርሱ የሞተ ሰው የለም። የጉድጓዱ ውኃ ግን ጨው ጨው ይላል። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሽማግሌውን አወቀው፣ የጭስቀለበትን ምክር ሰምቼ አንድም ሰው አላስረሳሁም። ባርኔጣውን አወለቀና «ጌታዬ፣ ደህና ነዎት? ግድቡ ሲጮህ ሰማንና ለእርስዎ ፈራን» አለው። ለእርስዎ ፈራን! አስማተኛዬ መልስ አጣ። አራተኛውን ሴሽን በሙሉ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው ያሳለፉት። ጉድጓድ!

አሁን ያልሠራው። የ1 ጭማሪዋን ሁሉም ረስተዋታል፣ ሰረዝኳት። የሚተኛው ዕቃም ወረቀት ከማጣበብ ሌላ እስካሁን ጥቅም አልሰጠም። ትልቁ ቅሬታ የመጣው ካህኗን ከምትጫወተው ልጅ ነው። «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌቭሎች አንዴ ኖሬያቸዋለሁ፣ ሁለተኛ ጊዜ የምሠራው ነገር የለኝም» አለች። እውነቷን ነው። በየተራዋ ያው አንድ ድግምት፣ ያው አንድ ምት።

ሌሊትወፍ፦

3 ላይ አስጀምራቸው። የዳርክ ሰን ካራክተሮችም ከ3 ነበር የሚጀምሩት።

ባለካባው፦

3 ለመግባት ጠቅላላው 900 ኤክስፒ ነው። ማንም አይጎዳም። ካህኗም ሁለተኛ ደረጃ ድግምት ታገኛለች።

ግን 12 ያስቀመጠችው በሩ ላይ ነው፣ የቀሩት 7ቱስ?

ሃያጎን፦

«ሳስፈልግ እናገራለሁ» ብላለች። ሕጉ አይከለክልም አለችኝ። አየሁት፣ እውነትም አይከለክልም። አመሰግናለሁ ባለካባው።

አሁን ያለሁበት ጭንቅ የሌባው ነው። ራሱ የሠራውን ቁልፍ ራሱ ሊከፍት ይፈልጋል። ከአደራው ሳይበላ፣ በእጁ። 2ኛ ሌቭል ነው። ከባድነቱን 30 አልኩት፣ መጽሐፉ የማይቻል ያህል የሚለው ቁጥር ነው። ቅልጥፍናው 3፣ የሌባ መሣሪያ ሙያው በእጥፍ 4፣ ድምሩ 7። 20 ቢጥል እንኳ 27። እሱ ግን ሂሳቡን ጨርሷል። 4 ላይ ቅልጥፍናውን ከፍ ያደርጋል፣ 5 ላይ የሙያው ቁጥር 3 ስለሚሆን በእጥፍ 6፣ ሲደመር 4፣ 10። ያኔ 20 ከጣለ በትክክል 30 ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ «5» ብሎ ጽፎ አክብቦበታል። እስከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ነገር የሚያስጠብቅ ታሪክ ማሰብ አለብኝ።

ባለካባው፦

እስከ 5 ለምን ይጠብቃል? ካህኗ ጋይዳንስ የሚባለው ድግምት ካላት ባለ 4 ጎን ዳይስ ትጨምርለታለች። 20 ጥሎ በሷ ዳይስ ላይ 3 ወይም 4 ከወጣ አሁኑኑ ይከፈታል። 2.5 በመቶ።

ሃያጎን፦

አላት። ወይኔ፣ አላት። እባካችሁ ይሄን ማንም እንዳይነግረው።

ቁልፍሰባሪ፦

ሰላም። አዲስ አባል ነኝ። ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ቅዳሜ እንገናኝ፣ ማስተር።